ለዋግ የተገቡ ሦስት ቃሎች

አዲስ አበባ፣ አንድ መሥሪያ ቤት፣ የምሳ ሰዓት። ከገባ ሁለት ሳምንት ያልሞላው ሠራተኛ ከአዲሶቹ ባልደረቦቹ ጋር አንድ ትሪ ሽሮ ከቦ ተቀምጧል። ጥያቄው እንደ ልማዱ መጣ።

«አገርህ የት ነው?»

«ሰቆጣ።»

«አሃ! የሰቆጣ ቃልኪዳን!»

ሳቅ ሆነ። ክፋት አልነበረበትም፤ እሱም አብሮ ሳቀ። «አሃ» ያለው ባልደረባ ሰቆጣን በካርታ ላይ አሳይ ቢባል ይቸገር ይሆናል፤ ስሟን ግን አሳምሮ ያውቀዋል። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2030) አጠፋለሁ ብሎ ቃል ሲገባ፣ ለቃሉ ስም ያደረገው የዚህችን ከተማ ስም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰቆጣ በስብሰባ አዳራሽ፣ በባነርና በሪፖርት ሽፋን ላይ አልጠፋችም። የአንድ ከተማ ስም በአገር ሲገን ደስ ይላል። የሰቆጣ ስም የገነነው ግን ከልጆች ረሃብ ጋር ተጣብቆ ነው።

ማታ ወደ ቤት ደወለ። ስልኩን ያነሡት አያቱ ናት፤ «እምዬ» ነው የሚላት። እምዬ ፃግብጂ ገጠር ተወልዳ፣ ፃግብጂ አግብታ፣ ፃግብጂ ያረጀች፣ በጦርነቱ ግን ቤቷን ጥላ ሰቆጣ የገባች ሴት ናት። የቀኑን ወሬ ነገራት። ዝም ብላ ሰማችውና፦

«ቃልኪዳን ነው ያሉህ ልጄ? የትኛውን?» አለችው።

ጥያቄዋ ቀልድ አልነበረም። ለዋግ ቃል ሲገባ የመጀመሪያው አይደለም። ቢያንስ ሦስት ጊዜ፣ በተራራቁ ሦስት ዘመናት፣ ትልልቅ ቃል ተገብቶለታል። አንዱ ለአንድ ቤተሰብ፣ ሁለተኛው ለአንድ ሕዝብ፣ ሦስተኛው ለሕፃናት። ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያየ ሰው የአንዲት ትንሽ ከተማን ታሪክ ብቻ አይደለም የሚያየው። አገር ዳር ላይ ላስቀመጠችው ሕዝብ ቃል ስትገባ ቃሉ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን ጭምር ያያል።

*

ዳር የሚለው ቃል ግን ለሰቆጣ ዘግይቶ የመጣ ስም ነው። ድሮ መሐል ነበረች።

ሰቆጣ የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ናት። ከላሊበላ በስተሰሜን፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በደቡቧ ላስታ፣ በሰሜንና በምሥራቋ ትግራይ፣ በምዕራቧ ደግሞ ተከዜን ተሻግሮ የበጌምድርና የሰሜን ተራሮች አሉ። ምድሩ ጥቂት ሰዓት ባስኬደ ቁጥር ይለወጣል። ደጋው ላይ ገብስና ስንዴ፣ ወደ ተከዜ ሲወርዱ ማሽላ፣ ከዚያ በታች የግራር ቁጥቋጦ፣ ዕጣንና ፍየል። የአበርገሌ ፍየልና የዋግ ማር ስማቸው ከአገሩ አልፎ ይታወቃል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ በዞኑ ከ426 ሺህ በላይ ሰው ይኖር ነበር።

ሰቆጣን ትልቅ ገበያ ያደረጋት ጨው ነው። ከአፋር ቆላ የተቆረጠው አሞሌ በግመል ጀርባ ወደ ትግራይ ደጋ ይወጣል። ከዚያ በበቅሎና በአህያ ተጭኖ ሰቆጣ ይገባና ወደ ላስታ፣ ወደ በጌምድርና ወደ ጎጃም ይከፋፈላል። አሞሌ ለወጥ ማጣፈጫ ብቻ አልነበረም፤ ገንዘብ ነበር። በሬ ይገዛበታል፣ ዕዳ ይከፈልበታል፣ ቀረጥ ይቆረጥበታል። ከምንጩ በራቀ መጠን ዋጋው ከፍ ይላል፤ ስለዚህ በመንገዱ ላይ ያለ ከተማ ሁሉ ከልዩነቱ ይጠቀማል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰሜን ኢትዮጵያን ያቋረጡ የውጭ ተጓዦች ሰቆጣን ከአካባቢው ታላላቅ ገበያዎች ይቆጥሯት ነበር።

ነገሩን ልብ ማለት ይገባል። ሰቆጣ የበላችው ከራሷ ድንጋያማ ማሳ ብቻ አልነበረም። ከመንገዱም ትበላ ነበር። ትግርኛ ተናጋሪው ነጋዴ፣ አማርኛ ተናጋሪው ገዢና የአገሬው ኽምራ በአንድ ገበያ ይገናኙ ነበርና ሁለትና ሦስት ቋንቋ መናገር ለሰቆጣ ሰው ሙያ እንጂ ጉራ አልነበረም። መንገዱ ክፍት ሲሆን ከተማዋ መሐል ትሆናለች። ሲዘጋ ዳር ትሆናለች። የሰቆጣ ታሪክ ከሞላ ጎደል የዚህ መክፈትና መዝጋት ታሪክ ነው።

*

ወደ መጀመሪያው ቃል እንመለስ፤ እምዬ የምታውቀው እሱን ነው።

«ንጉሥ ሲገባ አገር ሁሉ ይነሣል» ትላለች። «የዋግ ሹም ግን የራሱ ወንበር አለው። የብር ወንበር።»

ትረካው በዋግና በላስታ ሁሉ ይታወቃል። የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ያነጹት የዛጉዌ ነገሥታት አገው ነበሩ። በ1270 እ.ኤ.አ. ገደማ ይኩኖ አምላክ ሥልጣኑን ወስዶ የሰሎሞን ዘር ነኝ የሚለውን ሥርወ መንግሥት ሲያቆም፣ ትውፊቱ እንደሚለው፣ የተሸነፈው ቤት ባዶ እጁን አልተሸኘም። የዛጉዌ ወራሾች ዋግን በዘር እንዲገዙ፣ በንጉሡ ፊት በክብር እንዲቀመጡ፣ ነጋሪት እንዲጎሰምላቸው ቃል ተገባላቸው። «ዋግሹም» የሚለው ማዕረግ ከዚያ ዘመን ጀምሮ እንደመጣ ይነገራል።

ስምምነቱን የሚተርኩት ጽሑፎች ከዘመኑ ብዙ ቆይተው የተጻፉ ናቸውና እያንዳንዱን ዝርዝር እንደ ወረደ መቀበል አይቻልም። ማዕረጉ ግን ተረት አልነበረም። ዋግሹሞች እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ዋግን ሲገዙ ኖረዋል፤ ነገሥታቱም የተለየ ክብር ይሰጧቸው ነበር። ከሰቆጣ ብዙም ሳይርቅ ከዓለት የተፈለፈለው የውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። በውስጡ በሣጥን ያረፈው አስከሬን የጥንት የዋግ ሹሞች እንደሆነ ይነገራል።

አንድ ጊዜ ደግሞ ዋግሹሙ ከወንበሩ ተነሥቶ ዙፋኑ ላይ ወጣ። ዋግሹም ገብረ መድኅን በአፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ ከተገደሉ በኋላ ልጃቸው ጎበዜ ሸፈቱ። ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲሞቱ ጎበዜ «ዳግማዊ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ» ተብለው ነገሡ። ንግሥናው ሦስት ዓመት ያህል ብቻ ቆየ። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዐድዋ አጠገብ ከደጃዝማች ካሣ ምርጫ ጋር ገጠሙ። የጎበዜ ጦር በቁጥር ይበልጥ ነበር፤ ካሣ ግን እንግሊዞች ትተውላቸው የሄዱት መሣሪያ ነበራቸው። ጎበዜ ተማረኩ፣ ዓይናቸው ጠፋ፣ በእስር ሞቱ። ያሸነፏቸው ካሣ፣ አፄ ዮሐንስ አራተኛ፣ የገዛ ሚስታቸው የድንቅነሽ ወንድም ነበሩ።

ከዚያም በኋላ ዋግ ከአገሩ ጉዳይ አልራቀም። ዋግሹም ጓንጉል ከጣሊያን ጋር በተደረገው የዐድዋ ዘመቻ ጦራቸውን ይዘው ዘመቱ። ጣሊያን ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ የዋግሹም ከበደ ተፈሪ ልጅ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በዋግና በላስታ ሕዝቡን አስተባብረው ተነሡ። በመስከረም 1930 ዓ.ም. ጣሊያኖቹ ገደሏቸው፤ ጭንቅላታቸውንም ቆርጠው ለመቀጣጫ ብለው በአደባባይ አሳዩት። የነጻነት ዘመን ሰማዕታት ሲዘረዘሩ ይህ ስም ከብዙ ሰው አፍ ላይ ይጠፋል።

እስከዚህ ድረስ የሚያኮራ ታሪክ ነው። አንድ ጥያቄ ግን መዝለል አይቻልም። የብር ወንበሩ የማን ነበር?

የዋግሹሙ ነበር። ቃሉ የተገባው ለአንድ ቤት እንጂ ለፃግብጂ ገበሬ አልነበረም። ገበሬው የሚያውቀው ወንበሩን ሳይሆን ግብሩን ነው። የእምዬ ቅድመ አያቶች የጌታ ግቢ የደረሱት ማር ተሸክመው እንጂ ነጋሪት እየተጎሰመላቸው አልነበረም። ስለ ዋግ ታላቅነት ሲወራ ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል። የአንድ ሕዝብ ቅርስ የጌቶቹ ዝርዝር ብቻ ከሆነ፣ ሕዝቡ በገዛ ታሪኩ ውስጥ እንግዳ ይሆናል።

*

የዘውዱ ዘመን ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ሰቆጣ ከመሐልነት ወደ ዳርነት ተሸጋግራ ነበር። አሞሌ ገንዘብነቱን ለብርና ለሳንቲም ለቀቀ። ትልልቆቹ የመኪና መንገዶች በደሴ፣ በወልድያና በአላማጣ አድርገው ወደ ሰሜን ሲያልፉ ዋግ በጎን ቀረ። አስተዳደሩም ወሎ ሥር ያለ አንድ አውራጃ ሆነ፤ ጉዳይ ያለው ሰው ደሴ ድረስ ይወርዳል።

ከዚያ ረሃቡ መጣ፤ ሄደ፤ ተመለሰ። የ1965 እና 66ቱ የወሎ ረሃብ ዘውዱን ሲያናጋ ዋግ ውስጡ ነበር። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ከቆረም ያሳየው ፊልም ዓለምን ሲያስለቅስ፣ በዚያ ሜዳ ላይ ከነበሩት ብዙዎቹ ከዋግ ቆላ በእግራቸው የተሰደዱ ነበሩ። በዚያው ዘመን ደርግ ከወሎና ከትግራይ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ወደ ደቡብና ምዕራብ ሲያሰፍር ከዋግም ብዙ ሰው ተጫነ። እምዬ ከወንድሞቿ አንዱን የሸኘችው ያኔ ነው። የት እንደ ደረሰ አልሰማችም።

ለረሃቡ ዝናቡን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው። ዝናብ በሌላውም አገር ይቀራል። ልዩነቱ ዝናብ ሲቀር እህል የሚገባበት መንገድ፣ ከብት የሚሸጥበት ገበያና ጩኸት የሚሰማ ቢሮ መኖር አለመኖሩ ላይ ነው። ዋግ ሦስቱም ርቀውት ነበር።

ለታጣቂዎች ግን ይህ ርቀት ምቹ ሆነ። ከኢሕአፓ የተለዩት የኢሕዴን መሥራቾች በኅዳር 1973 ዓ.ም. ድርጅታቸውን ያቆሙት እዚሁ ዋግ፣ ጥክራርዋ ላይ ነው። የኽምራ ገበሬ አበላቸው፣ ደበቃቸው፣ ልጁን ሰጣቸው። በ1983 ዓ.ም. እነዚያ ታጋዮች ከአጋሮቻቸው ጋር አዲስ አበባ ሲገቡ፣ ዋግ ሁለተኛውን ቃል ለመስማት ጆሮውን አቀና።

*

ሁለተኛው ቃል በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ውስጥ አለ። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ እኩል የመንግሥት እውቅና አላቸው፤ ብሔር ብሔረሰቦችም በቋንቋቸው የመናገር፣ የመጻፍ፣ ራሳቸውን የማስተዳደር መብት አላቸው። በአማራ ክልል ሦስት የብሔረሰብ አስተዳደሮች ተዋቀሩ፤ የአዊ በእንጅባራ፣ የኦሮሞ በከሚሴ፣ የዋግ ኽምራ በሰቆጣ። ዋግ ኽምራ የራሱ የብሔረሰብ ምክር ቤት አገኘ።

ከመጀመሪያው ቃል ጋር ሲተያይ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። በዚህ ጊዜ ቃሉ የተገባው ለጌታው ቤት ሳይሆን ለሕዝቡ ነው፤ በስሙም ተጠርቷል። ኽምራ።

ኽምራ የአገው ሕዝብ አንድ ክፍል ነው። ቋንቋው ኽምጣና ወይም ኽምጣንጋ ይባላል። በከረን አካባቢ የሚነገረው ብሊን፣ በጎንደር ዙሪያ የነበረው ቅማንትኛና በጎጃም የሚነገረው አዊኛ ዘመዶቹ ናቸው። የአዊ ሰዎች ራሳቸው «ሰባት ቤት አገው» ሲሉ አባቶቻቸው ከላስታና ከዋግ እንደ ወረዱ ይተርካሉ። የታሪክ ተመራማሪው ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1988 ስለ አገው ባሳተሙት ጥናት እንዳመለከቱት፣ አገው በሰሜን ኢትዮጵያ መንግሥት ጓዳ ውስጥ ገብቶ የተዋሐደ ሕዝብ ነው። አማርኛ ራሱ ዕዳ አለበት። ግሱ በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ መቀመጡን ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት ከአገው ቋንቋዎች የወረሰው ነው ይላሉ። ስለዚህ አማርኛ የሚናገር ሰው ሁሉ፣ ሳያውቀው፣ አረፍተ ነገሩን በዘጋ ቁጥር ከአገው የወረሰውን ሥርዓት ይከተላል።

ቃሉ ባዶ አልነበረም። ኽምጣና በፊደል ተጻፈ፣ የመማሪያ መጽሐፍ ተዘጋጀለት፣ በታችኛው ክፍል ልጆች ተማሩበት፣ በክልሉ መገናኛ ብዙኃን የአየር ሰዓት አገኘ። በየዓመቱ ነሐሴ አጋማሽ፣ ፍልሰታ ሲፈታ፣ የዋግ ልጃገረዶች ለምለሙን ቄጠማ ወገባቸው ላይ አስረው የሚጫወቱት ሻደይ ከአካባቢው ጨዋታነት አልፎ የቴሌቪዥን ዝግጅት ሆነ። እነዚህ ከመጀመሪያው ቃል የማይገኙ ነገሮች ናቸው።

ሆኖም ሰቆጣ ከተማ ገበያ ወጥቶ ያዳመጠ ሰው ሌላ ነገር ይሰማል። አሮጊቶቹ በኽምጣና ይከራከራሉ። ልጆቻቸው በኽምጣና ሰምተው በአማርኛ ይመልሳሉ። የልጅ ልጆቻቸው በአማርኛ ብቻ ይጫወታሉ። ማንም አልከለከላቸውም። ማመልከቻው፣ ቅጥሩ፣ የዩኒቨርሲቲው ፈተና፣ የባንኩ ቅጽ ሁሉ በሌላ ቋንቋ ከሆነ፣ ለልጁ የሚያስብ ወላጅ ልጁን ወደዚያው ይገፋዋል። አማርኛ ማወቁ ጥፋት አይደለም፤ ድሮም የሰቆጣ ሰው ሁለትና ሦስት ቋንቋ ያውቅ ነበር። ያኔ ግን አዲሱን የተማረው በነበረው ላይ ጨምሮ ነው። ዛሬ የነበረውን ጥሎ ነው።

ይህ ወዴት እንደሚያደርስ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የቅማንትኛን ነገር ያጠኑት ዘለዓለም ልየው እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት መጽሐፍ የመዘገቡት፣ ተናጋሪዎቹ ጥቂት አዛውንት ብቻ የቀሩትን፣ በአማርኛ የተተካ ቋንቋ ነው። በ1987ቱ ቆጠራ ኽምጣናን አፍ የፈታበት ሰው ከ143 ሺህ በላይ ነበር። ብዙ ይመስላል። ቋንቋ የሚሞተው ግን ተናጋሪው ሁሉ ሲያልቅ አይደለም፤ እናት ለልጇ መናገር ስታቆም ነው።

የምሳ ሰዓቱ ልጅ ይህን በሚገባ ያውቃል። እምዬ ስትቆጣ፣ ስትጸልይና ስትቆጥር በኽምጣና ነው። እሱ ሁሉንም ይሰማል፤ መልሱ ግን አማርኛ ነው። አዲስ አበባ የተወለደችው የአራት ዓመት ልጁ ደግሞ አትሰማም። በስልክ የቅድመ አያቷ ድምፅ ሲመጣ ወደ አባቷ ዞራ «ምን አለች?» ትላለች።

*

ሦስተኛው ቃል ለዚህች ዓይነት ልጅ፣ በተለይ ደግሞ ዋግ ላይ ለተወለደች እኩያዋ የተገባ ነው።

መቀንጨር ማለት ልጅ ለዕድሜው አጥሮ መቅረት ብቻ አይደለም። ከእናት ሆድ እስከ ሁለተኛው ዓመት ባሉት አንድ ሺህ ቀናት ውስጥ ያልተበላ ምግብ፣ የተጠጣ ቆሻሻ ውኃና የተደጋገመ ተቅማጥ አእምሮ ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ኋላ በቀላሉ የሚካካስ አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ጥናት መሠረት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት የኢትዮጵያ ሕፃናት 38 በመቶዎቹ የቀነጨሩ ነበሩ፤ በአማራ ክልል ደግሞ ቁጥሩ 46 በመቶ ደርሶ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ አገር አቀፉ ቁጥር 37 ላይ ነበር። ጥቂት ወርዷል፤ ቃል የተገባው ግን ዜሮ ነው።

የሰቆጣ ቃልኪዳን ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ችግሩን ለጤና ቢሮ ብቻ አልተወውም። ግብርናው፣ ውኃው፣ ትምህርቱና ሴፍቲኔቱ በአንድ ዕቅድ እንዲሠሩ ይጠይቃል። የመጀመሪያው ምዕራፍ የተጀመረውም በተከዜ ተፋሰስ፣ በአማራና በትግራይ ወረዳዎች ነው። ከጨው መንገዱ ዘመን ወዲህ ሁለቱን ወገን በአንድ ጉዳይ ላይ ያገናኘ ዕቅድ ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ መንገዱም እንደገና ተዘጋ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ሰቆጣ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወድቃ ለወራት ቆየች። ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት ተዘረፈ፣ ፈረሰ። ከተማዋ ነጻ ከወጣች በኋላም አበርገሌና ፃግብጂ ዘግይተው ቆዩና ሕዝባቸው ሰቆጣና ዙሪያዋ በድንኳን ሰፈረ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ሰላም ሲፈረም ብዙዎቹ የሚመለሱ መስሏቸው ነበር። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በተከዜ ዳር ባሉት ቆላ ወረዳዎች ዝናቡ ቀረ፤ ከብት አለቀ። በዚያው ጊዜ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሥቶ ስለነበር የእርዳታ መኪናም እንደ ልቡ አይሄድም፤ በክልሉ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆችም ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆኑ።

እንግዲህ ቃልኪዳኑ በስሟ የተሰየመላት ከተማ፣ የተፈናቃይ ልጆች ከተማ ሆነች። ስሟ በባነሩ ላይ አለ። ከባነሩ ሥር ድንኳን አለ።

*

ሦስቱን ቃሎች አሁን አሰልፎ ማየት ይቻላል። የመጀመሪያው ለጌታ ወንበር ሰጠ። ሁለተኛው ለሕዝብ ስም ሰጠ። ሦስተኛው ለሕፃን ሙሉ አካልና ሙሉ አእምሮ እሰጣለሁ አለ። ቃሉ ከዘመን ዘመን ከላይ ወደ ታች፣ ከዙፋኑ አጠገብ ወደ ጎጆው ወርዷል። ይህ መልካም ነው፤ ከሦስቱም ትልቁ የመጨረሻው ነው። የሚያስፈራው ነገር፣ ቃሉ ወደ ታች በወረደ ቁጥር የሚጠይቀው ሰው እየጠፋ መምጣቱ ነው። ዋግሹሙ የብር ወንበሩን ቢነፈግ የሚያዘምተው ጦር ነበረው። ብሔረሰቡ ቋንቋው ቢጓደልበት ቢያንስ የሚናገርበት ምክር ቤት አለው። የአንድ ዓመት ሕፃን ማን አለው?

ስለዚህ ጠያቂው ሌላ ሰው መሆን አለበት፤ ጥያቄውም ስንት ስብሰባ ተካሄደ የሚል ሊሆን አይገባም። ከፃግብጂና ከአበርገሌ የተፈናቀሉት ቤታቸው ገብተዋል ወይ? የፈረሰው ጤና ጣቢያ ቆሟል ወይ? የሰቆጣ ነጋዴ ዛሬም ወደ ትግራይ ገበያ በሰላም ሄዶ ይመለሳል ወይ? የዋግን ቆላ ውኃ ሰብስቦ የያዘው የተከዜ ግድብ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ 300 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከሐይቁ ዓሣ ይወጣል። ያ ዓሣ ወደ ሩቅ ከተማ ከመጫኑ በፊት ለዋግ ልጅ ይደርሳል ወይ? የኽምጣና መጽሐፍስ ከአራተኛ ክፍል ባሻገር ይሄዳል፣ ወይስ ቋንቋው ለሻደይ ሰሞን ብቻ ይፈለጋል?

እነዚህ ጥያቄዎች እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው። ገበያው ካልተከፈተ ቤተሰብ ፍየሉን በርካሽ ይሸጣል፤ ፍየሉን በርካሽ የሸጠ ቤት ለልጁ እንቁላል አይገዛም። ለእናቲቱ ስለ ልጅ አመጋገብ የሚሰጠው ትምህርት በማትሰማው ቋንቋ ከሆነ ደግሞ ባለሙያው ደከመ እንጂ አላስተማረም። ወንበሩ፣ ስሙና ምግቡ ተነጣጥለው የሚመለሱ ነገሮች አይደሉም።

2022 ዓ.ም. ሩቅ አይደለም። ያን ጊዜ ሦስት ዓመት የሚሆናቸው ልጆች ነገ ከነገ ወዲያ ይወለዳሉ። ሪፖርቱ የሚጻፈው በወረቀት ነው፤ መልሱ ግን የሚታየው በእነሱ ቁመት ላይ ነው።

*

ያን ዕለት ማታ ልጁ ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት እምዬ አንድ ነገር ጠየቀችው።

«ልጅቷ አልተኛችም? ስጣት።»

ሰጣት። አሮጊቷ በኽምጣና አንድ ቃል ተናገረች፤ ውኃ ማለት ነው። ልጅቷ ደገመችው፤ ተበላሸባት። እምዬ ሳቀች፤ እንደገና አለችው። ልጅቷ እንደገና ሞከረች። አራተኛው ላይ ተስተካከለ።

«ነገም ደውሉ» አለች እምዬ። «እንጀራ የሚባለውን ነገ እነግራታለሁ።»

በማግስቱ ምሳ ላይ ያው ባልደረባ እየሳቀ «የሰቆጣ ቃልኪዳን እንዴት አደረ?» አለው።

«ገና ነው» አለ። «አልተፈጸመም። ትጠይቅልናለህ?»

ባልደረባው የጠቀለለውን ጉርሻ እንደያዘ ቆየ። ሳቁን አቁሞ ነበር።